ድምፅ የሌላት ዝንብ፦ የአንድ የበጎ ፈቃድ ቴአትር ጉዳይ ጥናት ከጎንደር

ሐምሌ 2006 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጎንደር መናኸሪያ ውስጥ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ የተሠራ ክንፍ በጀርባዬ ታስሮ፣ ፊቴን ከሰል ተቀብቼ፣ «ዝዝዝ» እያልሁ በሰው መካከል እዞር ነበር። የአሸዋ ዝንብ ነበርሁ። ተመልካቾቼ የመተማን አውቶቡስ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ፣ ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ፣ ማጭዳቸውን በጆንያ የጠቀለሉ። ሳቁልኝ። እኔም ሳቃቸውን የችሎታዬ ምስክር አድርጌ ወሰድሁት። መሳሳቴን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስሕተቱን አርመን ለመጨረስ ግን እስከ ኅዳር ድረስ መጠበቅ ነበረብን።

የምጽፈው ስለዚያ ቴአትር ነው፤ ወደ ቆላ የሚወርደውን ሠራተኛ ስለ ካላዛር በሽታ ሊያስተምር ስለተዘጋጀው። ቡድናችን ለላከን መሥሪያ ቤት ያቀረበው ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ዋናው ዓምዱም «ግንዛቤ ያገኘ ሰው ብዛት» ይላል፣ ግንዛቤ በነፍስ ወከፍ የሚሰፈር የእርዳታ ስንዴ ይመስል። በዚያ ዓምድ ቁጥር ሞላን፣ ተፈራረምን፣ ተመሰገንን። ለሚቀጥለው ቡድን የሚጠቅመው ነገር ግን አንዱም እዚያ አልተጻፈም። ድርሰታችን ሦስት ጊዜ ታርሟል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያረሙት እኛ ልናስተምራቸው የሄድነው ሰዎች ናቸው።

ለምን መናኸሪያ

ካላዛር ስሙ ከሕንድ የመጣ ነው፤ «ጥቁር ትኩሳት» ማለት ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ወደ ሰው የምታስገባው ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት። ተሕዋሱ በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይራባል። የያዘው ሰው ትኩሳቱ መጣ ሄደ ይልበታል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ሆዱ ከግራ ጎኑ በኩል በጣፊያው እብጠት ይወጠራል። ሳይታከሙ ከቀሩት መካከል ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። በጊዜ የደረሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ክፋቱ ትኩሳቱ ወባን መምሰሉ ነው፤ በቆላ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ጎንደር ራሷ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከዚህ በሽታ ጋር የሚያገናኛት መንገዷ ነው። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው አስፋልት በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ግድም ቁልቁል ወርዶ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ድንበር ይገጥማል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ቦታ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። እዚያ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይመረታል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈበት ፍሬው እየተከፈተ ይረግፋል። ስለዚህ በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ከወገራ፣ ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃምም ሳይቀር ወጣቱ ይጎርፋል። በቆላው አፍ «ሳሉግ» ይሏቸዋል። የቆላው መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዝንቧ ቀኑን በስንጥቁ፣ በኩይሳው፣ በግራሩ ሥር ተሸሽጋ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። ሠራተኛውም የሚያርፈው እዚያው ግራር ሥር ነው፤ ሌላ ጥላ የለም።

በሽታው ቆላ ብቻ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ካለ የሊቦ ከምከምን ነገር ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. አዲስ ዘመን አካባቢ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካላዛር ከዚያ በፊት በማይታወቅበት ደጋ ብዙ ሰው በትኩሳት ወደቀ። መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል።

እንግዲህ ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው በአብዛኛው በጎንደር መናኸሪያና በአዘዞ መታጠፊያ ያልፋል። ሰውየው ወርዶ ከተበተነ በኋላ ማን ያገኘዋል? የላከን መሥሪያ ቤት ያቀደው ይህንን ነው፤ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አንድ የቴአትር ቡድን አቋቁሞ ተጓዡን ከመሳፈሩ በፊት ማግኘት። ዕቅዱን ዛሬም አልነቅፈውም።

ሰባታችን

ሰባት ነበርን። ቡድኑን የሚመራው በትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ያሳደገኝ የአማርኛ መምህር ነው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት የባህል ተወዛዋዥ፣ አንዲት ነርስ፣ ማሲንቆ የሚጫወት አንድ ጎልማሳ፣ ሰባተኛው እኔ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እፈልግ ነበር። እናቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችኝ «ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?» ነበር። «እማዬ፣ ቴአትር ነው እንጂ» ብላት፣ «ማሲንቆ አለበት ወይስ የለበትም?» አለች። አለበት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ማሲንቆ ተጫዋቹን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። አዝማሪ በዘር በሚወረስበት ቤት የተወለደ ነው። የጎንደር ሰው ስለ ቡርቧክስ ሰምቶ ያውቃል፤ ከከተማው ብዙም የማይርቅ፣ አባት ለልጁ ማሲንቆ የሚያወርስበት የአዝማሪዎች መንደር ነው። ጋሼም የዚያ ባህል ልጅ ነው። ከእኛ ጋር በልምምድ ሲቀመጥ ግን የተሰጠው ሥራ «የመክፈቻና የመዝጊያ ሙዚቃ» የሚል ነበር። ሲከፈት ሁለት ደቂቃ፣ ሲዘጋ ሁለት ደቂቃ። በቀረው ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ እኛን ያያል። አንድ ቃል ሳይናገር ሦስት ሳምንት አየን።

ልምምዳችን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የጎንደር ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዱ የሌላውን ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ ሁላችንም መጮህ ለመድን፣ ጩኸቱም አብሮን መናኸሪያ ድረስ ሄደ። የጋሼ ማሲንቆ የፍየል ቆዳው በእርጥበቱ ይላላና ድምፁ ይታፈናል። ከቡና አፍይዋ ዘንድ ሄዶ ምድጃ ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል፣ የደጋኑን ጭራ በዕጣን ያሸዋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

ድርሰቱ ተጽፎና ጸድቆ የመጣልን ነው። አንድ የዋህ ወጣት ወደ ቆላ ይወርዳል፣ አጎበር ይሰጠዋል፣ ይንቃል፣ ዝንቧ ትነክሰዋለች፣ ይታመማል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ሐኪም ይመጣና ስድስት ምክር ይናገራል። ምክሩ ከወረቀት ላይ አንድም ሳይጎድል እንዲባል ታዘናል። የዝንቧ ድርሻ የደረሰው ለእኔ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ዝንቧ ቃል የላትም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አጥብቄ የያዝኋት።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ለሌላ ማላከክ አልችልም። በልምምዱ በሁለተኛው ሳምንት ነርሷ፣ «ዝንቧ እኮ አትጮህም፤ ቁመቷም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ በተራ አጎበር ቀዳዳም ልታልፍ ትችላለች» ብላ ነበር። የመለስሁላት እኔ ነኝ፦ «መድረክ ላይ ዝም ያለች ዝንብ ማን ያያታል?» መምህሩ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ነርሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችው። በሚቀጥለው ቀን ክንፉን በሽቦ አጠነከርሁት።

ቅዳሜና ሌላው ቅዳሜ

ወደ መናኸሪያው እመለሳለሁ። ትርኢቱ እንዳለቀ መምህሩ በሜጋፎን፣ «እሺ ወንድሞቼ፣ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዝምታ። ተራ አስከባሪው «ተናገሩ እንጂ!» ብሎ ሲቆጣ አንድ ቀይ፣ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«ዝንቧ ስትመጣ እንደምትጮህ ተምረናል። ስትጮህ ተነሥተን እንሸሻለን።»

አጨበጨቡለት። ነርሷ አላጨበጨበችም፤ ወደ እኔ ተጠግታ በጆሮዬ «ይህ ልጅ ድምፅ እየጠበቀ ሊተኛ ነው» አለችኝ። ተከትዬው ሄድሁ። አውቶቡሱ በር ላይ ደርሼ «ወንድም፣ ዝንቧ ድምፅ የላትም፣ እኔ ነኝ የጨመርሁባት» ስለው ክንፌን አየ፣ ፊቴን አየ፣ አሁንም የቴአትሩ ቀጣይ መሰለውና ስቆ ተሳፈረ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዘዞ ሄድን። ድምፁን ትቼ በዝምታ ተጫወትሁ። ማንም አላየኝም። ጥግ ላይ የቆመ አንድ ሰው «ያ ክንፍ ያለው ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። የምትጮኸው ዝንብ ታሳስታለች፤ የማትጮኸው ደግሞ የለችም። የዝንቧ ጠባይ ራሱ መድረክን እንቢ የሚል ነው፤ ያኔ ግን ይህን አልተረዳሁም፤ ክንፉ አነሰ ብዬ ነበር የማስበው።

በትርኢቱ መካከል ዝናብ ወረደ። የአዘዞ ዝናብ አያስጠነቅቅም። ተመልካቹም እኛም ሮጠን አንድ የሱቅ በረንዳ ሥር ተፋፍገን ቆምን፤ ሜጋፎኑ ውሃ ገባበትና ዘጋ። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። ጋሼ ጎንበስ ብሎ «እኅት ዓለም፣ አንድ ጊዜ ከሰልሽን» አለና ማሲንቆውን አሞቀ። ከዚያ ማንም ሳያዘው፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለዝናቡ ይመስላል፣ መጫወት ጀመረ። ትዝታ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ አምባሰል ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ድምፅ «ተቀበል!» አለ።

ለሌላ አገር ሰው ብጽፍ ኖሮ እዚህ ላይ ብዙ ማብራራት ነበረብኝ። ተቀበል ከተባለ አዝማሪው የራሱን ግጥም ያቆማል፤ አድማጩ የሚሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ ያዜማል። የሰጠው ልጅ ከእኛ ክንድ ሩብ ርቀት ላይ ነበር፤ ዓይኑን አፍንጫዬ ላይ ተክሎ እንዲህ አለ፦

አጎበር ስቀል አልህ ሰማሁህ ወንድሜ፣
ማን ይተኛበታል ሳጭድ አድሬ ቆሜ።

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ በየጊዜው «ቆሜ» ላይ እያዘገመ። መምህሩ ማስታወሻ ደብተሩን ሲያወጣ አየሁት። እውነቱን አናውቀውም ነበር፤ በቆላው የቀኑ ሙቀት ስለማያሠራ ሰሊጥ የሚታጨደው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ ዝንቧም የምትነክሰው በዚያው ሰዓት ነው። ከስድስቱ ምክሮች ሦስቱ ስለ አጎበር ነበሩ።

ስንኙ አንዴ ከተከፈተ አይቆምም። ስለ ደላላው ተባለ፣ ስለ ኮንትራቱ ተባለ፣ ስለ ውሃው ጨውነት ተባለ። አብዛኛው ከበሽታው ጋር አይገናኝም፤ ጋሼ ግን አንዱንም አልመረጠም፣ ሁሉንም ተቀበለ። ሰዓት አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ የነበረ ጠየም ያለ የወገራ ልጅ ቀስ ብሎ፣ የሚያፍር ይመስል፣ ሰጠ፦

ብር ላመጣ ወረድሁ ሰሊጥ ላጭድ ብዬ፣
ቆላው እኔን ቆላኝ፣ ተመለስሁ ከስዬ።

ማንም አልሳቀም። ሰሙ ምጣድ ላይ የቀረ እህል ነው። ወርቁን አገሩ ቆላ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ይሰማዋል፤ «ከስዬ» የምትለዋ ቃልም ከሰል መሆንን እየተናገረች መክሳትን ታስጠራለች። ጥቁር ትኩሳት የሚለውን የበሽታውን ፍቺ ልጁ ከማንም አልሰማም። ጋሼ ይህን ስንኝ አንድ ጊዜ ብቻ አዜመውና ደጋኑን አወረደ።

ነርሷ ልጁን ለብቻው ወስዳ አነጋገረችው። የታመመው ታላቅ ወንድሙ ነው። ከመተማ በተመለሰ በወሩ ትኩሳት ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጠው፤ በመጨረሻ በሬ ሸጠው ጎንደር ሲያመጡት ካላዛር መሆኑ ታወቀና ዳነ። «ጤና ጣቢያው ከየት እንደ መጣ አልጠየቀውም?» ብትለው፣ «ጠይቆታል። ከወገራ ነው አለ» አላት።

ነርሷ ይህን ስትነግረን ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። «ከየት መጣህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የትውልድ ቀበሌውን ይናገራል፤ ሌላ ምን ይበል? ሐኪሙ ጠይቋል፣ በሽተኛው መልሷል፣ ማንም አልዋሸም፤ መተማ ግን በመካከላቸው ሳትጠራ ቀረች። በድርሰታችን ውስጥ ይህን የሚነካ አንድም መስመር የለም።

በዚያው ምሽት ፒያሳ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ቴአትሩን አፈረስነው። እናቲቱ ቀረች፣ የዋሁ ወጣት ቀረ፣ አምስት ምክር ቀረ። የጸደቀ ድርሰት መንካት ያስጠይቃል ብሎ መምህሩ ሲያመነታ ተወዛዋዥዋ፣ «ያጸደቁት አዘዞ አልነበሩም» አለችው። የተረፈው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጋሼ ሰውን ይሰበስባል፣ ተወዛዋዥዋ በእስክስታ ክቡን ትከፍታለች፣ ስንኝ ይጠየቃል፣ በየመካከሉ ጋሼ የራሱን ይመልሳል፦

ሁለት ሳምንት አልፎ ትኩሳት ካለብህ፣
ቆላ ነበርሁ በለው እንዳይሳትብህ።

ሲያልቅ ነርሷ ወጥታ በቀጥታ ትናገራለች፤ ዝንቧ እንደማትታይና እንደማትሰማ፣ ግራር ሥር ማረፍ የሚያመጣውን፣ ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሙ ባይጠይቅህም መተማ ወይም ሑመራ መክረምህን ተናገር የሚለውን።

ዝንቧም ቀረች። ማንም «አንተ ውጣ» አላለኝም፤ ዝርዝሩን ስንጨርስ ድርሻ የሌለው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ከበሮ ያዝሁ። ከበሮ መምታት አልችልም ነበር፤ ጋሼ ሁለት ምት አስተማረኝና «ከዚህ አትለፍ» አለኝ። ከዚያ አላለፍሁም። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ክንፉን ለማንኛውም ብዬ በከረጢት ይዤ እዞር ነበር።

የብሩ ነገር

ከሁሉም በላይ ያጨቃጨቀን ይህ ነው።

አዘዞ በረንዳ ላይ ልጆቹ ለጋሼ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈውለታል። አንድ ብር፣ አምስት ብር፣ አንድ ጊዜም አሥር። ቀን ሙሉ ጉልበቱን ለመሸጥ ከሚጓዝ ልጅ አሥር ብር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የፈረምነው ውል ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ከተገልጋይ ምንም ዓይነት ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። አንዱ ተማሪ ይህን አንሥቶ፣ ገንዘቡ ይመለስ ካልሆነም ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ ይሁን አለ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሕጉን ነው የጠቀሰው።

ጋሼ ቶሎ አልመለሰም። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ልጄ፣ ሽልማት ስትመልስ ሰውየውን ድሃ ነህ ማለትህ ነው» አለ። «እኔን የሚያዳምጠኝ ስለሸለመኝ ነው። ሸልሞኛል፣ ስለዚህ ስንኙን እንድቀበል ማዘዝ ይችላል። በነጻ ብጫወትለት እሱ ዝም ብሎ የሚሰማ፣ እኔ የምናገር እሆናለሁ። ሦስት ሳምንት ስታደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።»

ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ፣ ይህን ያለው ወደ መሬት እያየ ነው። እኛ ስድስታችን ከቤተሰብ እንበላለን ወይም ደመወዝ አለን። እሱ ቅዳሜን ለእኛ ሲሰጥ የሠርግና የገበያ ቀኑን ነው የሚሰጠው። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለን ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ ነው። «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ለሰባታችን እኩል አይመዝንም ነበር፤ እኛ ትርፍ ጊዜያችንን ሰጠን፣ እሱ እንጀራውን። ይህን ማሰብ የነበረብን ሰኔ ላይ ቡድኑ ሲቋቋም ነው። አንዳችንም አላሰብነውም።

በመጨረሻ የተስማማነው ማንንም ሙሉ በሙሉ ያላስደሰተ ነገር ነው። በግንባሩ የተለጠፈው ግማሹ የጋሼ ሆነ፤ በግማሹ እዚያው ለሸለሙት ልጆች ሻይና ዳቦ ይገዛል። በሪፖርቱ ላይ አልጻፍነውም። ተማሪው «ይህ ሕገ ወጥ ነው» እያለ ዳቦውን ያድል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማለቱን ተወ። ዛሬ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ቡድን ላቋቁም ብሎ ቢያማክረኝ የምለው አዝማሪውን በመጀመሪያው ቀን በደመወዝ ቅጠረው ነው። እኛ ያደረግነው ብልሃት እንጂ ፍትሕ አልነበረም።

ቁልቁል

ነሐሴ ላይ አይከልንና ገንዳ ውሃን አየን። ስለ ጉዞው ብዙ የምለው የለኝም፤ ተራራው ሲወረድ ጋቢው ከትከሻ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ከረጢት ይወርዳል፣ ማሲንቆው ግን ይጠነክራል። ጋሼ በደረቁ ሙቀት የፍየሉ ቆዳ ሲወጠር ተደስቶ መስኮቱን ከፍቶ ይቃኝ ነበር፤ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ በመስተዋት አየውና በሦስተኛው የራሱን ካሴት አጠፋለት።

ገንዳ ውሃ ላይ ያጋጠመን አንድ ነገር ግን መጻፍ አለበት። አንድ ለሥራው ብዙ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው መጥቶ «ልጆቹን አታስፈራሩብኝ» አለን። መምህሩ በትሕትና ሊያስረዳው ሲጀምር ሠራተኞቹ ራሳቸው «ተቀበል!» ብለው ስለ ሰውየው ቁርጥ ክፍያ አንድ ስንኝ ሰጡ። እዚህ አልደግመውም። ሰውየው ስቆ ሄደ፤ ካልሳቀ ማፈሩ እንደሚታወቅበት ገብቶታል።

ኅዳር

አጨዳው አልቆ ሰዉ ሲመለስ፣ ኅዳር 2007 ዓ.ም.፣ ነርሷ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደሚገኘው የካላዛር ሕክምና ማዕከል ወሰደችን። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ካላዛርን ለማከምና ለማጥናትም የቆላው መንገድ ጎረቤት መሆኑ ጠቅሞታል። የሄድነው ለመጫወት አልነበረም። ፈቃድ የተጠየቀው ለጥየቃ ነው። ጋሼ ማሲንቆውን የያዘው ትቶት የሚሄድበት ቤት ስላልነበረው ብቻ ነው።

አንድ የደንቢያ ልጅ ነበር። የዚያን ጊዜ ሕክምናው 17 ቀን ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ። እሱ አሥራ አንደኛው ላይ ደርሷል። እጁ እንደ ማጭድ እጀታ ቀጥኗል፣ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። ማሲንቆውን ሲያይ ቀና አለና፣ «አዘዞ በረንዳ ላይ የነበርሁ ነኝ» አለ። ከመካከላችን ማንም አላስታወሰውም። በዚያ ቀን እሱ ስንኝ አልሰጠም፤ ሲሰማ ነው የነበረው።

ደስ አለን። በሪፖርት ዓምድ ውስጥ የማይገባ አንድ ሰው አገኘን ብለን። «እንግዲህ ቆላ ነበርሁ ብለህ ተናገርህ?» አለው መምህሩ።

«ተናግሬያለሁ። የተናገርሁት ግን ዘግይቼ ነው።»

«ሁለት ሳምንት ስንል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።» መምህሩንም ጋሼ ነው ያለው። «እዚያ ሳምንት አንቆጥርም። ሥራው በኮንትራት ነው፤ መሬቱ ሲያልቅ ቀኑ ያልቃል። ትኩሳቱ ይዞ ይለቀኛል፣ ሲለቀኝ አጭዳለሁ፣ ሲይዘኝ እተኛለሁ። ሁለት ሳምንት መሆኑን በምን ልወቅ?»

ነርሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ቀኑን በምን ታውቃለህ?»

«በታቦት ነዋ። በጥቅምት ሚካኤል ነው የያዘኝ፤ ሚካኤልን አስታውሳለሁ፣ ስለት አለብኝ። በመድኃኔዓለም ልነሣ ብዬ ጉልበቴ ከዳኝ።»

ነርሷ በጣቷ ቆጠረች። ሚካኤል በ12፣ መድኃኔዓለም በ27። አሥራ አምስት ቀን። ሁለት ሳምንትና አንድ ቀን። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እናቴ ወሩን ሙሉ የምትቆጥረው እንዲህ ነው። ከወረቀት ላይ ያነበብነው ግን «ሁለት ሳምንት» ይል ነበር፣ እኛም በዜማ አድርገን ያንኑ አስተላለፍን።

ጋሼ ማሲንቆውን ከከረጢቱ አወጣ። ነርሷ በዓይኗ «ቀስ በል» አለችው። ደጋኑን ሳይጫን፣ ከአልጋው ወዲያ በማይሰማ ድምፅ፣ አንዲት መስመር አለና አቆመ፦

ከሚካኤል ጀምሮ እስከ መድኃኔዓለም...

«ጨርስልኝ» አለው።

ልጁ ጣራውን እያየ ትንሽ አሰበ።

...ትኩሳት ከቆየ ወባ ብቻ አይደለም።

ጋሼ ተቀብሎ ሊያዜም ደጋኑን ሲያነሣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አንድ ሰው ተገላበጠ። እስከዚያ ድረስ የተኛ መስሎን ነበር።

«እኔ ሙስሊም ነኝ» አለ። «ለእኔ በጁምዓ አድርጉልኝ። ከጁምዓ እስከ ሦስተኛው ጁምዓ።»

ጋሼ ሰውየውን አየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀለሙን ለካ፣ ቤት የሚመታለት ቃል እየፈለገም ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።